ተለማማጁን ማን ያየዋል?

ሰሞኑን ያነበብኩት የሼን ኩንን የመጀመሪያ ልቦለድ ነው፤ «ዘ ኢንተርንስ ሃንድቡክ»፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ። ታሪኩ ኒውዮርክ ነው። ጆን ላጎ ቅጥረኛ ገዳይ ነው፤ የአሰሪው ድርጅት ስም ደግሞ «ሂውማን ሪሶርስስ» (ሳቁ ግዴለም)። ገዳዮቹን ተለማማጅ አስመስሎ ትልልቅ መስሪያ ቤቶች ያስገባል። ቡና ያመጣሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ ይላላካሉ፤ ከዚያ አለቅየውን ይሸኙታል። የተለማማጅን ስም የሚያስታውስ የለማ! 25 ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ነው። ከዚያ በኋላ ተለማማጅ ነኝ ቢሉ ማን ያምናል?

ግድያው ፊልም ፊልም ይላል። የስሙ ነገር ላይ ስደርስ ግን መጽሐፉን አስቀምጬ ቆየሁ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለት ወር አንድ መስሪያ ቤት አፓረንት ወጥቼ ነበር። ስሜ «አንቺ ልጅ» ነበር። አንድ ቀን የስብሰባ ወረቀት ሳድል አለቆቹ መኖሬን ረስተው ማን ከስራ እንደሚቀነስ ማውራት ጀመሩ። የተነሳችው ጸሐፊዋ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ስሜን ጠይቃ የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች። ከሰዓት ሻይ ጋበዘችኝ። ለልጇ ትምህርት ቤት ብላ ከደሞዟ የሚቆረጥ ብድር ልትወስድ መሆኑን አጫወተችኝ።

ሻዬን ጠጣሁ። ምንም አላልኳትም።

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሳት። ፎቶ ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።