ስለ አንድ ተራ ድንጋይ

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ስለ ድንጋይ ልጻፍ ብሎ ሲነሣ አንባቢ ቢገረም አይፈረድበትም። ይሁንና ላለፉት ሁለት ዓመታት የቤት ኪራዬን የሸፈነልኝ ኦርቶክሌዝ የተባለው ማዕድን ስለሆነ ውለታው አለብኝ።

ኦርቶክሌዝ ፌልድስፓር ከሚባለው የማዕድናት ቤተሰብ ይወለዳል። ይህ ቤተሰብ ከምድር ቅርፊት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስለሚይዝ የማዕድናት ሰፊው ሕዝብ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በግራናይት ላይ ሮዝ ወይም ነጣ ብሎ የሚታየው ፍሬ ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ስሙ በግሪክኛ «ቀጥ ብሎ የሚሰበር» እንደ ማለት ነው፤ ሲመታ በሁለት አቅጣጫ፣ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሰነጠቃልና። ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ 6ኛውን ደረጃ የያዘው ይኸው ድንጋይ ሲሆን፣ 7ኛው ኳርትዝ ነው። ከተራ አቧራ ውስጥ ደግሞ የኳርትዝ ብናኝ አይጠፋም፤ ስለዚህ የኦርቶክሌዝ ፈርጥ ያለው ቀለበት ዕለት ዕለት ከተደረገ አቧራው ራሱ እየጫረ ያደበዝዘዋል። አልማዝ 10 ነው፤ ስለ አልማዝ ግን ሌሎች ብዙ ጽፈዋል።

ማታ ማታ የምሠራው ፈርጥ በሚቆረጥበት አንድ ትንሽ ቤት ነው። ሥራውን የሚያስተምሩኝ በጦርነቱ ዘመን ከስሪላንካ የተሰደዱ አዛውንት ናቸው። በአገራቸው ደቡብ የሚገኘው ሜቲያጎዳ ሰማያዊ ብርሃን በሚፈነጥቀው የጨረቃ ድንጋይ የታወቀ ሥፍራ ነው። የጨረቃ ድንጋይም ብዙውን ጊዜ ያው ኦርቶክሌዝ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው አቀዛቀዙ ነው። ገና በጋለበት ጊዜ ፖታሲየም ያለበትና ሶዲየም ያለበት ፌልድስፓር በአንድ ክሪስታል ውስጥ ተዋሕደው ይኖራሉ። በዝግታ ሲቀዘቅዝ ውሕደቱ አይጸናም፤ ሁለቱ ተለያይተው እንደ መጽሐፍ ገጾች እየተፈራረቁ ይነባበራሉ። የገጾቹ ውፍረት ወደ ብርሃን ሞገድ ርዝመት ሲቃረብ፣ የገባው ብርሃን በመካከላቸው ይበተናል። እጅግ ሲሳሱ ሰማያዊ፣ ወፈር ሲሉ ነጭ ይሆናል። (ይህን የነገርሁት አንድ ጓደኛዬ «የማኅበራችን ታሪክ ነው፤ ብርሃኑ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።)

ድንጋዩ ጉልላት መሰል ቅርጽ ይወጣለታል። ንብርብሩ ከጉልላቱ መሠረት ጋር ትይዩ ካልሆነ ብርሃኑ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለሆነም አዛውንቱ መንኰራኵሩን ከማስነሣታቸው በፊት ጠጠሩን በመብራት ሥር እያገላበጡ ረጅም ጊዜ ያዩታል። ለቸኮለ ሰው የሚቀርለት ነጭ ጠጠር ነው።

ይህን ሥራ መያዜን ስነግራቸው አባቴ በስልክ ዝም አሉ፤ ቆይተውም «ባሕር የተሻገርኸው የቀጥቃጭ ሥራ ልትሠራ ነው?» አሉኝ። ፍርዱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ከጋብቻና ከርስት ያገለለ ሥርዓት ያወረሳቸው ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የባላባቱ መሬት ሲወረስ ስድቡ ሳይወረስ ቀረ።

እኔም ስለ ድንጋዩ አጫወትኋቸው። ፌልድስፓር በዝናብና በአየር በስብሶ ወደ ሸክላ አፈርነት እንደሚለወጥ፣ ተፈጭቶ ከአፈር ጋር ሲጋገርም ቀልጦ የቡና ስኒውን እንደሚያጠነክረው ነገርኋቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች መሆኗ በ1994 እ.ኤ.አ. የታወቀውም በዚያው አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ በተገኙ የፌልድስፓር ቅንጣቶች ነው። በቅንጣቱ ውስጥ ያለ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም ከክሪስታሉ ሳይወጣ ይጠራቀማል፤ መጠኑ ሲለካ ዕድሜው ይገኛል።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ዕዳው በማን ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በቆራጩ ላይ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ተሰነጠቁብን፤ የሁለቱም ዋጋ ከደመወዛችን ተቀንሷል።