የሐይቅ ዳር እንሽላሊቶች

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጐዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ መንገዱ ከኰረብታ ወደ ኰረብታ ሲያዞረው ቈይቶ፥ በድንገት ከሰማይ ላይ ተቈርጦ የወረደ የሚመስል ሰማያዊ ውኃ ይታየዋል። ይህ ለአገሩ ስሙን የሰጠው የሐይቅ ባሕር ነው። በማዶ የአምባሰል ተራሮች እንደ ግንብ ተደርድረው ቆመዋል፤ ከእነርሱም ኋላ በመስቀሉ ታሪክ የከበረችው የግሸን አምባ አለች።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱ 23 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ሲሆን፥ ጥልቀቱ በመካከሉ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ወራጅ ውኃ ይገባበታል እንጂ በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ስለ ተፈጸመባት እግዚአብሔር ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ እርስዋ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። በዚያም ስፍራ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ደሴቱ ዛሬ ውኃው ስለ ሸሸ ከየብሱ ጋር ተያይዟል።

ባለፈው የጥቅምት ወር ከእኅቴ ቤተ ሰብ ጋር ወደዚህ ስፍራ ሄደን፥ ከሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት አደርን። ከእኛ ጋር የዐሥር ዓመት ዕድሜ ያለው የእኅቴ ልጅ ነበረ። እርሱም ተወልዶ ያደገው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ሣርና ድንጋይ፥ ወፍና ጉንዳን ሁሉ አዲስ ሆነውበት ከጧት እስከ ማታ አያርፍም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጧት ፀሐይ ድንጋዮቹን ማሞቅ ስትጀምር፥ ከድንኳናችን አጠገብ ካለው ቋጥኝ ላይ አንድ ትልቅ እንሽላሊት ወጣ። አንዳንድ ሰው ገበሎ የሚለው ዐይነት ነው። ራሱና ጉሮሮው ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን፥ በፊት እግሮቹ እየተነሣ እየተቀመጠ የሚሰግድ ይመስል ነበር። ልጁ እንዳየው ወዲያውኑ ድንጋይ አነሣ። በዚህ ጊዜ መረቡን ተሸክሞ በአጠገባችን የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቆም ብሎ፦

«ተው ልጄ፥ ምን አደረገህ?» አለው።

«አባባ፥ ይነክሳል፤ መርዝም አለው ይባላል» ሲል ልጁ መለሰ።

«እኔ ከዚህ ውኃ ዳር ስድሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እንሽላሊት የገደለው ሰው ግን አልቀበርሁም» ብሎ ሽማግሌው ፈገግ አለ። ልጁም አፍሮ ድንጋዩን ጣለ።

ሽማግሌው የተናገረው እውነት ነው። በአገራችን ካሉት እንሽላሊቶች መካከል በመርዙ ሰውን የሚገድል አንድም የለም። ያ የሰገደ የመሰለን ሰማያዊ ራስም ወንዱ ነው፤ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው «ይህ ቋጥኝ የእኔ ነው» ብሎ ለመሰሎቹ ሲያስታውቅ ነው። ሴቲቱ መልኳ ቡናማ ስለ ሆነ ከድንጋዩ ለይቶ ለማየት ያስቸግራል። እንሽላሊት እንደ እኛ በሰውነቱ ውስጥ ሙቀት ስለማያመነጭ፥ በማለዳ ፀሐይ ካልሞቀ በቀር መሮጥም ማደንም አይችልም። ከሞቀ በኋላ ግን ዝንብን፥ ፌንጣንና ጉንዳንን እየለቀመ ይውላል። በሣር ውስጥ የሚሽሎኰለኰሉት ቈዳቸው ለስላሳ የሆነ ትናንሾቹ ደግሞ፥ ጠላት ጅራታቸውን ሲይዛቸው ጅራቱን ጥለው ያመልጣሉ፤ የተቈረጠውም ጅራት እየተወራጨ ጠላትን ሲያታልል ይቈያል፥ በስፍራውም ሌላ ይበቅላል። በሌሊት ከቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ በመብራት ዙሪያ የሚበርሩትን ነፍሳት የምትለቅመውም የዚሁ ዘመድ ናት። በመጽሐፈ ምሳሌ ጠቢቡ በምድር ላይ ታናናሽ ሆነው ጥበባቸው ግን ታላቅ ከሆነው ከአራቱ ፍጥረታት ጋር፥ በእጅ የምትያዘውን በነገሥታት ቤት ግን የምትኖረውን እንሽላሊት መቊጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ልጁ ከቊጥቋጦ ላይ አንዲት እስስት አገኘ። ይህችን ፍጥረት በዝግታ ላያት ሰው እጅግ ታስደንቃለች። ሁለቱ ዐይኖችዋ ለየብቻቸው ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ፊት ሲመለከት ሌላው ወደ ኋላ ይጠብቃል። ምላስዋ ከሰውነትዋ ርዝመት የሚበልጥ ሆኖ፥ ዐይን ተገልጦ ሳይከደን ተወርውሮ ዝንቡን ይዞ ይመለሳል። እኛ አቋሙን የሚለዋውጠውን ሰው «እስስት» ብለን እንሰድበዋለን፤ እርስዋ ግን መልኳን የምትለውጠው ሰውን ለማታለል አይደለም። ሲበርዳት፥ ስትቈጣ፥ ስትፈራ፥ መሰልዋንም ስታገኝ የምትናገርበት ቋንቋዋ ነው።

ልጁ ከእስስቲቱ መለየት ስላቃተው፥ የብስኵት ካርቶን በሚስማር በሳስቶ፥ ቅጠል አንጥፎ አስገባትና፥ «ጋሼ፥ አዲስ አበባ ወስደን ከግቢያችን ጽጌረዳ ላይ እናኑራት» ሲል ለመነኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ምንም ክፉ ነገር አልታየኝምና እሺ አልሁት። በአንዲት እስስት ምን ይጐድላል? ብዬ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሽማግሌው ዓሣ አምጥቶልን ከእሳታችን አጠገብ ተቀመጠ። ያመጣው ቆሮሶ ነበርና፥ የሐይቁ ዓሣ ጥንትም ይኸው እንደ ሆነ ጠየቅሁት።

«የለም ጌታው» አለ። «የጥንቱ አምባዛ ነው። ቆሮሶን በ1970 ዓ.ም. ገደማ እኔ ልጅ ሳለሁ መንግሥት አምጥቶ ጨመረው። ከዚያ ወዲህ ካርፕ የሚሉትም ገባ። አልዋሽም፥ ዓሣው ጠቅሞናል፤ ልጆቼን ያሳደግሁበት እርሱ ነው። ነገር ግን ይህ ውኃ በር የለውም። የገባ ነገር አይወጣም። ቢጠቅምም ቢጐዳም እስከ ልጅ ልጅ ከእኛ ጋር ነው። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ከስፍራው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲያኖር፥ አስቀድሞ ሊፈራ ይገባዋል።»

ይህ ንግግር ስለ ሌላም ነገር አሳሰበኝ። ከሐይቁ በላይ ያሉትን ኰረብቶች የሸፈነው ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኖአታል፤ ሆኖም ከሥሩ ሣርና ቊጥቋጦ እንደ ልብ ስለማይበቅል፥ ለወፉም ለእንሽላሊቱም እንደ ወይራና እንደ ግራር መጠጊያ አይሆንም። ዋጋውና ጕዳቱ በአንድነት የመጡ ናቸው።

በሌላው ዓለም የሆነው ደግሞ ለልጁ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። በአሜሪካ አገር ፍሎሪዳ የሚባለው ክፍል ሞቃትና ሐይቅ የበዛበት ነው። በዚያም ከጥንት ጀምሮ አኖል የተባለ አረንጓዴ እንሽላሊት ይኖር ነበር። ከኩባና ከባሃማ ደሴቶች ቡናማው አኖል በመርከብ ዕቃ ተሸሽጎ ገባና ከታች ያለውን ስፍራ ያዘ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ሊቃውንት ቡናማውን በጥቂት ትናንሽ ደሴቶች ላይ አኑረው ቢመለከቱ፥ አረንጓዴው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዛፉ ጫፍ ተሰደደ። ከ15 ዓመት በኋላ ሲመረመርም፥ ከቀጭን ቅርንጫፍ ላይ አጥብቆ ለመያዝ የጣቶቹ መዳፍ ሰፍቶ ተገኘ። ባለ አገሩ በገዛ ቤቱ ስደተኛ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስደንቀው፥ በእኛ አህጕር ወንዞች ዳር የተከበረ ስፍራ ያለው አርጃኖ በዚያው በፍሎሪዳ እንደ ወንበዴ የሚታደን መሆኑ ነው። ሰዎች በሕፃንነቱ ገዝተው በቤት ያሳድጉታል፤ ባደገና ባስቸገራቸው ጊዜ ይለቁታል። ከ1990 ገደማ ጀምሮ ኬፕ ኮራል በምትባለው ከተማ ቦዮች ዳር ተራብቶ፥ በምድር ውስጥ ጐጆ የምትሠራውን ጕጕት እንቊላል ይበላል። አርጃኖው ምን አጠፋ? በዓባይ ዳር ቢሆን የአዞን እንቊላል እየበላ ሥራውን በሠራ ነበር። ያጠፋው፥ ደስ ያለውን አንሥቶ ወስዶ፥ በሰለቸው ጊዜ የጣለው ሰው ነው።

ሽማግሌው ከሄደ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካርቶኑ በራስጌዬ ነበረና እስስቲቱ ቅጠሉን ስታንኰሻኵሽ እሰማ ነበር። አንዲት እስስት አዲስ አበባን አታጠፋም፤ ይህን ዐውቃለሁ። ምናልባትም የአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ቀድሞ እርስዋን ያጠፋት ነበር። የከበደኝ ግን ልጁ ከእኔ የሚማረው ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ቀን በድንጋይ መግደል ክፉ መሆኑን ከሽማግሌው ተማረ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ፍጥረትን በፍቅር ስም ማሰር ደግ ነው ብዬ ያስተማርሁት እኔ ሆንሁ።

ሲነጋ ልጁን ቀስቅሼ ሌሊት ያሰብሁትን ሁሉ ነገርሁት፤ የፈቀድሁለትም እኔ ተሳስቼ መሆኑን አልደበቅሁትም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቈየ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። በመጨረሻ፥ «ጋሼ፥ ቊጥቋጦዋን ረስተነው እንደ ሆነስ?» አለኝ። አልረሳነውም ነበር። ካርቶኑን ይዘን ሄድን፤ እርሱ ራሱ ከፈተው። እስስቲቱ እግርዋን እያነሣች እንደ ሽማግሌ በዝግታ ወደ ቅርንጫፉ ተሻገረች፤ ጥቂትም ቈይታ መልኳ እንደ ቅጠሉ ለመለመ። ከዚያ በኋላ ብንፈልጋት ልናገኛት አልቻልንም።

ከመሄዳችን በፊት እኔና ልጁ ወደ ገዳሙ ሄድን፤ እናቱ፥ ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ፥ በሐይቁ ዳር ቈየችን። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያሉት ያገር ዛፎች ጥላቸው የከበደ ነው። በአገራችን ብዙ ስፍራ፥ ደኑ በተመነጠረበት ኰረብታ ላይ የቀረው ያገር ዛፍ አብያተ ክርስቲያናት ያስጠለሉት ብቻ ነው፤ በእርሱም ጥላ ወፉም፥ ንቡም፥ እንሽላሊቱም ተርፈዋል። አባቶች ይህን ያደረጉት ስለ እንሽላሊት ብለው አይደለም፤ ከዚያ ስፍራ አንዳች አልነካም በማለታቸው ብቻ ነው።

ወደ ደሴ ስንመለስ ልጁ ባዶውን ካርቶን በጭኑ ላይ ይዞ ነበር። «ምን ታደርግበታለህ?» ብለው፥ «ለጓደኞቼ ቀዳዳዎቹን አሳይቼ፥ ለምን ባዶ እንደ ሆነ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።