የቦቃ ልጆች

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሳምንት አጥሩን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ፍየሎቹን ለየትኛው እናስጠቃቸው?» አለኝ። አሥራ አንድ እናት ፍየሎች አሉን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ፊተ ሰፊ፣ ቀንደ ወፍራም የአገር ቀይ ወጠጤ አሳድገዋል። ከታች በኩል ያለው ጎረቤታችን ደግሞ ግማሽ ደሙ ቦር ከሚባለው የውጭ ዘር የሆነ፣ ገላው ነጭ፣ ራሱ ቀይ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ወጠጤ ገዝቷል፤ ሰዉ ሁሉ ፍየሉን ወደዚያ ነው የሚነዳው። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። ማታ ጋጣውን ልዘጋ ስገባ ግን ያ የማውቀው የበጠጥና የእርጥብ ጠጉር ጠረን ከምድጃ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ተቀበለኝ፤ ሐሳቤም ሁለቱን ወጠጤዎች ትቶ አያቴ ቤት ገባ።

ቤቷ ከባቲ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነበር። የምንተኛበትን መደብ ከፍየሎቹ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሌሊት ስነቃ ሲያመሰኩ እሰማለሁ። አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሌላዋ ቀንዷን ግድግዳው ላይ ታሻለች፣ አንድ ግልገል እንደ ሕፃን ልጅ ያለ ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል። ከተማ የገባሁ ጊዜ መጀመሪያ የናፈቀኝ ይኸው ነበር። ስንት ሌሊት ዝምታው እንቅልፍ ነሥቶኛል!

ከፍየል ጋር የተዋወቅሁት በሕመም ነው። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ትክትክ ይዞኝ አጥንቴ ቀርቷል። እሑድ ማታ ማታ አንድ የአፋር ሽማግሌ እኛ ቤት ያድሩ ነበር፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ነውና ጎህ ሲቀድ ከብታቸውን ነድተው ይሄዳሉ። አያቴ «ወንድሜ» ነበር የምትላቸው። የዚያን እሑድ ሌሊቱን ሙሉ ሳሌን ሲሰሙ አደሩ። ጠዋት ለገበያ ካመጧቸው ፍየሎች አንዷን፣ እግረ ረጅም፣ ፊተ ጠባብ፣ ነጭ እናት ፍየል፣ ከምሰሶው ላይ አስረው «ልጁ እስኪድን ትታለብ» አሉና ወጡ። ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተነሣም። አያቴ ቅሉን በወይራ አጠነችው፤ ወተቱንም አረፋው ሳይጠፋ አጠጣችኝ። ዛሬም የወይራ ጭስ ሲሸተኝ ያ ለብ ያለ ወተት ምላሴ ላይ ይመጣብኛል።

ዳንኩ። ሽማግሌው ፍየሏን መልሰው አልወሰዱም፤ ለርቢ ትቆይ፣ የወለደችውን እንካፈላለን ተባባሉ። ከአያቴ ቀይ ወጠጤ አርግዛ በአምስተኛው ወር ወለደች፤ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ያደረገባት ቦቃ ግልገል። «ይቺ የልጁ ናት» አሉ ሽማግሌው፣ የራሳቸውንም ድርሻ ትተው። ቦቃን በጉያዬ አቅፌ ነው ያሳደግኳት። እረኛ ስሆንም ቀድማ ገደሉን ወጥታ፣ ከላይ ሆና ቁልቁል እያየች ትጠብቀኝ ነበር። የግራር ፍሬ ስታኝክ የሚሰማው ድምፅ፣ ቀጋ ሳይወጋት ቅጠሉን ብቻ የምትለቅምበት ብልሃት… አሁንም ድረስ ፍየል ሲበላ ቆሜ ማየት እወዳለሁ።

አያቴ ወጠጤ ለመግዛት ባቲ ስትሄድ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ያ ገበያ! የግመሉ ጩኸት፣ የቅቤው ሽታ፣ አቧራው፣ አፋርኛና ኦሮምኛና አማርኛ አንድ ፍየል ላይ ተገናኝተው ሲከራከሩ። የባቲ የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በከተማዋ ስም የሚጠራ መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ እኔ የማውቀው የፍየል ቆዳ የአያቴ እህል የሚቀመጥበት ስልቻ ነበር። እሷ ወጠጤውን ራሱን ብዙም አታየውም። መጀመሪያ የምትጠይቀው «እናቱ የታለች?» ብላ ነው። ሻጩ ከገበያ የገዛሁት ነው ካለ አመስግና ታልፋለች። ቤቱ ያሳደገው ከሆነ ግን ሰኞ ሳትገዛ ትመለስና በሌላ ቀን ቤቱ ድረስ ሄዳ እናቲቱን ታያለች። ጡቷን በእጇ ትመዝናለች፣ መንታ ትወልድ እንደሆን ትጠይቃለች፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ዘሩ የሰባ ሰባቱን ክፉ ቀን ያለፈ መሆኑን ታጣራለች። አንድ ወጠጤም ከሁለት ዓመት በላይ ቤቷ አይቆይም። «የገዛ ልጆቹ ሳይደርሱለት ይሂድ» ትል ነበር። ያልመረጠቻቸው ወንዶች ሁሉ ተኮላሽተው ሙክት ይሆናሉ።

ቦርን ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የቦር ፍየሎች አገራችን ገቡ፤ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከእኛ ቀይ ፍየል ጋር ይዳቀሉ ጀመር። አውራው ከመቶ ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ስሰማ አላመንኩም ነበር፤ የእኛ እናት ፍየል ሃያ አምስት ሠላሳ ኪሎ ብትሆን ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ወጠጤ እኛ ሰፈር ደረሰና ሰው እንደ ሙሽራ ሊያየው ወጣ። አያቴ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር በእጇ ነው ያየችው። ጀርባውን ዳሰሰች፣ እግሩን ወረደች፣ ሰኮናውን አንሥታ ያዘች። «ገደል ይወጣል?» አለች። የመለሰላት ሰው አልነበረም።

አብራን የነበረችው ወጣት የግብርና ባለሙያ መልካም ልጅ ነበረች፤ በእግሯ አቀበቱን እየወጣች ለፍየሎቻችን መድኃኒት ታመጣ ነበር። «እማማ፣ ቦር ማለት በነዚያ ሰዎች ቋንቋ ገበሬ ማለት ነው» ስትላት አያቴ ወደደችው። በ1980ዎቹ በሐረርጌና በደቡብ ለእናቶች አንግሎ ኑቢያን ከሚባል ዘር የተዳቀሉ የወተት ፍየሎች ይሰጡ እንደነበርም አጫወተቻት። «ለወተቱማ ወንድሜ ሰጥተውኛል» አለቻት አያቴ፣ ወደ ነጯ ፍየል የልጅ ልጆች እየጠቆመች።

ከጎረቤት አንዱ «ዲቃላ ልታስወልጂ ነው?» ሲላት ግን ፊቷ ጠቆረ። ያን ቃል ለሰውም ለፍየልም አትወደውም ነበር። እሷ ሙስሊም፣ ወንድ አያቴ ክርስቲያን፤ በዓመት በዓል ቤታችን ሁለት ሙክት፣ ሁለት ድስት ነበር። «ልጅ ልጅ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የቦቃን የልጅ ልጅ፣ ገና ያልወለደችውን፣ ለዚያ ወጠጤ አስጠቃናት። የወለደችበትን ሌሊት አልረሳውም። ግልገሉ ገዝፎ አልወጣ አለ። አያ የምንለው ጎረቤታችን ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ክንዱን በሳሙና ታጥቦ ዘይት ተቀብቶ፣ በኩራዝ ብርሃን ተንበረከከ። አያቴ የፍየሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» እያለች ሳትቆም ታነበንባለች። እኔ ኩራዙን ይዤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሊነጋጋ ሲል ወጣ፤ ወንድ፣ ትልቅ፣ አፍንጫው ሲጠረግለት አስነጠሰ። ሁላችንም ሳቅን። በማግሥቱ ባለሙያዋ መጥታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድን ትንሽ ፍየል ለትልቅ አውራ መስጠት እንደማይገባ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የወለደችና ወገቧ የሰፋ እንደሚሻል አስረዳችን። እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ያ ወንድ በሦስት ወሩ እኩዮቹን ጥሎ ሄደ። ለአረፋ ተሸጠና የአያቴ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ዝናብ ሲመታው ያንን ግልገል ታነሣ ነበር። ቀጥላ የመጣችው ሴቷ ድቅል ግን በጋው ሲጠና ቀድማ ከሳች። ሌሎቹ ገደል ለገደል ደረቅ ቅጠል ለቅመው ሲገቡ እሷ ከግራሩ ጥላ አትነሣም። አያቴ በነጠላዋ የግራር ፍሬ ቋጥራ፣ በምርኩዝ፣ ጠዋትና ማታ ትወስድላት ነበር። በሕይወት አለፈች። ክረምቱ ሲገባ አያቴ ለሚቀጥለው ዙር የአገሩን ወጠጤ አስመጣች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ነጠላዋን አይቼ ነበር።

አሁን ያ ጉብታ ተከልሏል። ደኑ ተመልሷል፣ ምንጩም ፈልቋል፤ ደስ ይለኛል። ፍየል ግን አይገባበትም። የኛዎቹ ታስረው ነው የሚውሉት፤ ሣሩና ቅጠሉ ታጭዶ ይመጣላቸዋል። «ገደል ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ከአያቴ ጋር ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ለወንድሜ ልጅ ድቅሉን እርም በለው ማለት አልቻልኩም። ሣር የሚጠፋበት ዓመት ግን አብሮ አልሄደም፤ ያኔ ነጠላ የሚሸከመው እሱ ነው። ደግሞም ስለ ንጹሕ ዘር ሳስብ ቦቃ ትዝ ትለኛለች። የአገር ፍየል ብዬ ስመካባት የኖርኳት፣ እናቷ የአፋር፣ አባቷ የደጋ። አያቴ «የኛ» የምትለው ያንን ገደልና ያንን በጋ ያለፈውን ነበር።

በማግሥቱ እንዲህ አልኩት። ሦስቱ፣ ደጋግመው የወለዱትና ወገበ ሰፊዎቹ፣ ወደ ድቅሉ ይሂዱ። አባቱ ግማሽ ስለሆነ ግልገሎቹ ሩብ ቦር ይሆናሉ፤ መጠናቸውም ምግባቸውም አያስፈራም። ወንዶቹ አንድ ሳይቀሩ ተኮላሽተው ለገበያ ይደጉ፤ ድቅል በድቅል ላይ ሲደራረብ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ኮሳሳ እየሆነ ነገሩ ከእጅ ይወጣል። ስምንቱ ወደ ወንዝ ማዶው። «መጀመሪያ ግን የወጠጤውን እናት አይተሃት ና» አልኩት። «የማንን? የወጠጤውን እናት?» አለ ተገርሞ።

ትናንት ማታ ሮጦ መጣ። ጡቷ ጥሩ ነው፣ ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች አለኝ፤ በእጁ እየመዘነ አሳየኝ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ እሷ። ዛሬ ጠዋት ሦስቱን በገመድ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ከስምንቱ አንዷ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከጋጣው በር ቆማ እስኪርቁ ድረስ ስትጮህባቸው ቆየች፤ እፍኝ የግራር ፍሬ ይዤላት ወጣሁ።