ከቀራንዮ በላይ ያለው ለምለም ሥፍራ

ከቀራንዮ ወገን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ፣ የኮልፌ ቀራንዮና የጉለሌ ክፍለ ከተሞች በሚገናኙበት ዳገት ላይ አንድ ሰፊ ደን ያገኛል፤ ይኸውም የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ሲሆን፣ ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ናቸው። ለተመራማሪም ለቤተሰብም በሩ ክፍት ነው።

በዚህ ሥፍራ ስንዘዋወር ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናችንን የሳበው፣ ሁለት ወገን ዛፍ ጎን ለጎን መቆሙ ነው። አንደኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለተኛው ጥድ፣ ወይራና ኮሶን የመሰለው የአገራችን ተወላጅ ነው። የማዕከሉም ዋና ሥራ ተወላጁን ዕፅ ወደ ጥንት ርስቱ መመለስ ነው። ሥራው ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቍጣል፣ ጥድ ግን እስኪያድግ ድረስ የሰው ዕድሜ ያህል ያስጠብቃል።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍን ማማት ውለታ ቢስነት ይመስለናል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከባሕር ማዶ የገባው ይህ ዛፍ ነው። ከዚያም ወዲህ ስንት እናቶች ከእንጦጦና ከጉለሌ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ልጆቻቸውን አሳደጉ! የእኛም ምጣድ የጋለው በእነርሱ ሸክም ነበር። እንግዲህ ደኑ በታደሰና በተከለለ ቍጥር ከእነዚህ ሴቶች እጅ የሚጎድል እንጀራ አለ። ስለ ጥዱ ደስ ብሎን ስለ እነርሱ ዝም ብንል ደስታችን ጎደሎ ይሆናል። ችግኝ ለማፍላት፣ ለመኰትኰትና ለመጠበቅ ሰው በሚፈለግበት ጊዜ፣ ዳገቱን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ስለ ሆኑ ቀዳሚነቱ ለእነርሱ ይገባል እንላለን።

«ለሕዝብ ክፍት» የሚለው ቃል በየአገሩ ልዩ ልዩ ትርጕም አለው። በስኮትላንድ በቅዱስ እንድርያስ ስም በምትጠራው ከተማ እጅግ የታወቀ ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ አለ። ጨዋታውን ለመጫወት ከዓለም ዳርቻ ባለጠጎች ይመጣሉ። ሆኖም መሬቱ የሕዝብ ስለ ሆነ፣ እሑድ እሑድ ጨዋታው ተቋርጦ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ በሣሩ ላይ ይመላለስበታል። የባለጠጋው መጫወቻ ለድኻው መናፈሻ የሚሆንበት ይህ ልማድ እኛን በጣም አስደስቶናል።

ወደ ጉለሌ ለመውጣት የሚያስቡ ቤተሰቦች መስከረምና ጥቅምትን ቢመርጡ መልካም ነው፤ ዝናሙ አባርቶ፣ አደይ አበባ ዳገቱን የሚያለብሰው ያን ጊዜ ነውና። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ ነፋሱ ይበርዳል፤ ለሕፃናት ሹራብ፣ ለአረጋውያን ጋቢ አይዘንጋ። አያቶች አብረው ቢወጡ ደግሞ ይመረጣል፤ የዛፎቹን ስምና ጥቅም ለልጆች የሚነግሩ እነርሱ ናቸው።