«አትክልተኛ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ?»

የእህቴ ልጅ የደወለችልኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ በመጣ ማግስት ነው። «ጋሼ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ሰው ታውቃለህ። ላንድስኬፕ አርክቴክቸር የት ነው የሚማሩት?» አለችኝ። ከፊቷ ባለው የትምህርት ክፍል ዝርዝር ውስጥ ብትፈልግ አጥታዋለች። ከጀርባዋ የአባቷ ድምፅ ይሰማኛል፦ «አትክልተኛ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል እንዴ?»

ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን አፈርኩ። ስለ ኮሪደር ልማት ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ስለተነሺዎች፣ ስለ ወጪው፣ ስለ ኮንትራክተሩ ጠይቄያለሁ። «ይህን ማን ነደፈው? የት ተምሮ?» ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ከ2011 ወዲህ አገሩ ሁሉ ፓርክና የእግረኛ መንገድ ሲሠራ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማና ቢሾፍቱ ሲደርስ፣ ሙያው ስም እንዳለው ያስታወሰችኝ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት።

ለአባቷ ጥያቄ መልሱ አዳማ ራሷ ናት። ያደገባት ያውቀዋል፤ ከተማዋ የተቀመጠችው ኮረብታ በከበበው ሳህን ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከላይ ይወርዳል። እናታችን ክረምት ሊገባ ሲል የአልጋውን እግር ጡብ ላይ ታስቀምጥ ነበር፤ በር ላይ ደግሞ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። ኮረብታው ዛፉን ሲያጣ፣ ታች ያለው ሜዳ ደግሞ በቤትና በአስፋልት ሲሸፈን፣ ለውሃው የቀረለት መንገዱ ብቻ ሆነ። የኛ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቦዩን ማስፋት። ቦዩ በላስቲክና በጫት ገረባ ይሞላል፣ በዓመቱ እንደገና እንቆፍራለን።

ላንድስኬፕ አርክቴክት የሚባለው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከቦዩ ሳይሆን ከኮረብታው ጫፍ ነው። ውሃው የት ይቀንስ? የት ይስረግ? የትኛው ሥር አፈሩን ይይዛል? ከዚያ ታች ሲደርስ ፓርኩን የሚያስቀምጠው ውሃው ለጥቂት ሰዓት ሊያርፍበት በሚችል ቦታ ነው። አበባው የመጨረሻው ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ሥራው ሞልቶ የተረፈ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ሆቴሎች በከበቡት ሐይቅ የነዋሪው ልጅ በየት በኩል ወደ ውሃው ይውረድ? መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ ከተማው ወዴት ይደግ? እነዚህን ጥያቄዎች መሐንዲስ ብቻውን፣ የግብርና ባለሙያም ብቻውን አይጨርሳቸውም።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ሁለት ሳምንት ጠይቄ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ ተመሳሳይ ልጅ ካለች ይጠቅማል።

ዋናው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። መጀመሪያ አርክቴክቸር ይማሩና ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ወደ ላንድስኬፕ ይዞራሉ። አርክቴክቸሩ እዚሁ ከተማችን አለ፤ በኔ ልጅነት ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በነበረው፣ ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ። የራሱ የመግቢያ ፈተና ስላለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አያስገባም። ከገቡም በኋላ ክፍል የሚመደበው በውጤት ነው። ይህን የምለው ፍርሃት ልለቅባት አይደለም፤ እኔ ራሴ ዲግሪ የያዝኩት በሦስተኛ ምርጫዬ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ልደታ ነው፤ ድሮ በስዊድኖች እገዛ የተመሠረተው፣ ብዙዎቻችን አሁንም «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት። እዚያ በኢንቫይሮመንታል ፕላኒንግና ላንድስኬፕ ዲዛይን ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል።

ሌላው መንገድ ከአፈሩ የሚነሳው ነው። ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ ያለው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ፣ ወይም በየዩኒቨርሲቲው ያለ የሆርቲካልቸር ትምህርት። በዚህ በኩል የመጣ ሰው ዛፉን ከነሥሩ ያውቀዋል፤ የሚጎድለው ንድፉ ነው። በአርክቴክቸር የመጣው ደግሞ ንድፉን ያሳምረዋል፣ ዋንዛ የሚበቅልበትን ቦታ ግን ላያውቅ ይችላል። በየመንገዱ አካፋይ ላይ ቆመው የሚደርቁት ዘንባባዎች የዚህ ክፍተት ልጆች ይመስሉኛል። ሁለቱን ገና ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ አንድ ላይ መማር የፈለገ ናይሮቢ አጠገብ ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለለት፤ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ፕሪቶሪያ። ብሩን ማን ይከፍላል የሚለውን ለእህቴ አላነሳሁባትም።

የገረመኝ ነገር፣ የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድ የኛው ሰፈር ሰው መሆኑ ነው፤ ጋዜጠኛ ነበር። ከካልቨርት ቮክስ ጋር የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከመንደፉ በፊት፣ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ደቡብ እየዞረ ስለ ባርነት ይዘግብ ነበር። ዲግሪ አልነበረውም። ሃርቫርድ ትምህርቱን በ1900 ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዱ ልጁ ነበር። ይህንን ለአማቼ ብነግረው «እንግዲያው አንተ ሁንላት» እንደሚለኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

በአባትየው አልፈርድም። በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዚህ ጠባብ በር ያለፈች ልጅ ሐኪም እንድትሆንለት የማይመኝ አባት የት አለ? ስሙን እንኳ ጎረቤት የማያውቀው ሙያ ላይ ሰባት ዓመት ማፍሰስ ቀላል አይደለም። ተመርቃ ስትወጣም ቀጣሪዋ ማን እንደሆነ ጠይቆኝ በደንብ መመለስ አልቻልኩም። ከተማ አስተዳደሮች ፓርክ ይሠራሉ እንጂ «ላንድስኬፕ አርክቴክት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በቀላሉ አይታይም።

ባለፈው እሑድ አዳማ ሄድኩና ሦስታችንም ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣን። ልጅቷ ደብተር ይዛለች። አባቷ ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ ጣቱን እየቀሰረ ያወራ ጀመር። ጎርፉ ድሮ በዚህ በኩል ይወርድ ነበር፤ ያ አጥር ሲታጠር ዞረ፤ አሁን በዚያ ትምህርት ቤት በኩል ይገባል። እሷ እየተከተለች ትሥላለች። ትንሽ ቆይቶ ደብተሩን ተቀብሎ አየው።

«ይሄን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«አዎ አባዬ፣ ይሄን።»

«ታዲያ ምን ፓርክ ፓርክ ትይኛለሽ?» አላትና አንዱን መስመር በጣቱ አረመላት። ውሃው በዚያ አይደለም የሚሄደው አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው።

ምርጫው የሚሞላው ማክሰኞ ነው።