ዓሣን መብላት በብልሃት

ጎሕ ሳይቀድ አዛውንቱ ከቦዩ ዳር ደርሰዋል። ቦታው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የኬፕ ኮድ ቦይ ነው። በ1914 ለመርከብ የተከፈተው ይህ ቦይ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሰው እጅ ሥራ ይሁን እንጂ የሚታዘዘው ለባሕር ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ወሽመጦች ስለሚያገናኝ፣ ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር፣ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ፣ እንደ ወንዝ የሚጋልበው ውኃ ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሁለቱ ዳርቻዎች በተከመረው ድንጋይ ላይ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ዘንጉን ይዞ ይሰለፋል። ብዙዎቹ በብስክሌት ይመጣሉ። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ እንግዳ ነው።

እንግዳው ስትራይፕድ ባስ ይባላል። በብርማ ጎኑ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ጥቁር መስመሮች ከስንጥቡ እስከ ጭራው ተዘርግተውበታል። አብዛኛው የሚፈለፈለው ከዚህ ርቆ በስተደቡብ፣ ወደ ቼሳፒክ ወሽመጥ በሚገቡት ወንዞች ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ነው። ካደገ በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ብርዱ ሲገባ ወደ ደቡብ ይመለሳል።

አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የገፉ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው ዛሬም ታጣፊ ሜትር አይጠፋም፤ ቀድሞ ጣውላ ይለኩበት ነበር፣ አሁን ዓሣ ይለኩበታል። የዳርቻው ሕግ አጭር ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ፣ ርዝመቱም ከ28 ኢንች የማያንስ፣ ከ31 ኢንችም የማይበልጥ፤ ይኸውም ከ71 እስከ 79 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ያነሰው እንዲያድግ ይመለሳል። የበለጠውም ይመለሳል፤ ምክንያቱም 5 ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝን እንስት ባስ 850,000 ያህል ዕንቁላል ስትይዝ፣ 25 ኪሎ የደረሰችው ከ4 ሚሊዮን በላይ ትይዛለች። ትልቋን ገድሎ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ሳያውቀው የዘር ጎተራ ያቃጥላል።

ልክ ማበጀት በዚያ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በ1639 የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት ሸንጎ ኮድና ባስ የተባሉት ዓሦች ለእርሻ ማዳበሪያ እንዳይውሉ ከልክሏል። በ1670 ጎረቤቱ የፕሊማውዝ ቅኝ ግዛት ከኬፕ ኮድ የዓሣ ሀብት የሚገኘውን ገቢ ለነጻ ትምህርት ቤት መደበ፤ የዚያ ዘመን ሕፃናት ፊደል የቆጠሩት ከፊሉን በባስ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና የተጻፈ ሕግ ሁሉ የሚጠበቅ ሕግ አይደለም። በ1973 ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ የነበረው ለገበያ የሚወጣ ባስ በ1983 ወደ 3 ሚሊዮን ተኩል ገደማ አሽቆለቆለ። በ1984 የአሜሪካ ኮንግሬስ ዓሣውን የሚጠብቅ ልዩ ሕግ አወጣ፤ ሜሪላንድም ከ1985 እስከ 1990 ባስ ማጥመድን ጨርሳ ዘጋች። ትዕግሥቱ ፍሬ አፈራና በ1995 ክምችቱ አገገመ ተባለ። በ2019 የወጣው ግምገማ ግን ዓሣው እንደገና ከልክ በላይ እየተጠመደ መመናመኑን አረዳ። በ2023 ትልቁ የርዝመት ልክ ከ35 ወደ 31 ኢንች በአስቸኳይ የወረደው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ጣትን በገበያ አጥማጁ ላይ ቀስሮ ማምለጥ አልተቻለም። ከባሕሩ ከሚጎድለው ባስ የሚበዛው የሚጎድለው ለመዝናናት በሚያጠምደው ሰው እጅ ነውና።

አንድ ማለዳ አዛውንቱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ዕድላቸው ቀና፤ ፀሐይ ሳትወጣ 29 ኢንች የሚለካ ባስ ያዙና በበረዶ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ዓሣው ግን ገና ይዘልል ነበር፤ ክንዳቸውም አልደከመም። እንደ ገና ወረወሩ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ክሩ ተወጠረ፤ ከብዙ ትግል በኋላ ሁለተኛው ወጣ። ሜትሩ ተዘረጋ፦ 33 ኢንች። የማባበያው መንጠቆ ከከንፈሩ አልፎ ስንጥቡን ስለቀደደው ደሙ በድንጋዩ ላይ ይወርድ ነበር። ሕጉ ለሚድነውም ለሚሞተውም አንድ ነው። አዛውንቱ ጭራውን ይዘው፣ ራሱን ወደ ፈሳሹ አዙረው ብዙ ጠበቁ። ሲለቁት በጎኑ ተንሳፈፈ።

«አባባ፣ መሞቱ ካልቀረ ለምን አንበላውም?» አለች ልጅቱ።

«ሁሉም ሰው ‹መሞቱ ካልቀረ› እያለ ቢወስድ፣ ልኩ ምን ይጠቅማል?» አሉ።

መልሱ ትክክል ነበር። ልጅቱን ግን አላሳመናትም፤ ውኃው የወሰደውን ዓሣና የሚያንዣብቡትን ወፎች በዓይኗ ትከተል ነበር። እሳቸውንም አላሳመናቸውም። የልጅቱ ጥያቄ ከሜትሩ አልፎ ወደ ኋላ ይሄድ ነበርና፦ የዕለቱ ምግብ በሣጥኑ ውስጥ ሳለ፣ ያ ሁለተኛ ውርወራ ለምን ነበር?

በባስ ክምችት ግምገማዎች ውስጥ በተሠራበት ስሌት፣ ተይዘው ከሚለቀቁት 100 ዓሦች 9 ያህሉ ይሞታሉ። እንግዲህ በአንድ የደስታ ቀን 22 ዓሣ ይዞ 22ቱንም የለቀቀ ሰው፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ቢገባም፣ በአማካይ ሁለት ገድሏል። የመጀመሪያውን ልከኛ ዓሣ ወስዶ ዘንጉን ያጠፈው ሰው የገደለው አንድ ነው፤ እሱንም በልቶታል። በጥንቃቄ የሚለቀውን ሰው መውቀስ አይገባም። ከ2021 ጀምሮ ዓሣ ወይም ትል ሰክቶ ባስ የሚያጠምድ ሰው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም መታዘዙ ብዙ ሞት ለማስቀረት ነው። ሆኖም የመንጠቆው ቅርጽ የሰውን ፍላጎት አይለካም።

ያን ቀን ማታ አዛውንቱ ያን 29 ኢንች ዓሣ እንደ ጥሩ እንጨት አንዲት ቁራጭ ሳያባክኑ አወጡት። ሥጋው ተጠበሰ። ራሱና አጥንቱ ተቀቅሎ፣ ከመረቁ በድንች፣ በሽንኩርትና በወተት ቻውደር የተባለው የአገሩ ሾርባ ተሠራ። ልጅቱ ከጉንጩ የወጣውን ለስላሳ ሥጋ ተጎረሰች። አማርኛ «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው ጉሮሮን ከአጥንት ለመጠበቅ ነው። በቦዩ ዳር ብልሃቱ ከገበታው ቀድሞ፣ ገና ዘንጉ በእጅ ሳለ ይፈለጋል።

ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ የመጀመሪያውን ልከኛ ዓሣ እንደ ያዙ ሜትራቸውን ያጥፋሉ። በቅርቡም አጠገባቸው የቆመ ጎረምሳ፣ ውኃው በዓሣ እየፈላ ሳለ ሲሄዱ አይቶ ተገረመ።

«ዓሣው ገና መምጣቱ እኮ ነው!» አላቸው።

«የእኔ መጥቷል» ብለው ብስክሌታቸውን ያዙ።