የመዳፍ ስፋት ቀዳዳ

ሰውየው ያደገው ደብረ ብርሃን ነው፤ ውርጭ ለእሱ እንግዳ አይደለም። የሚኒሶታ ብርድ ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ለማንሳት ሲወጣ የመኪናው የፊት መስታወት በበረዶ ተጋግሮ ጠበቀው። ረፍዶበታል። የፈላ ውሃ አምጥቶ ደፋበት። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የቀዘቀዘ መስታወት ድንገት ሲሞቅ አንዱ ክፍል ከሌላው ቀድሞ ይለጠጣልና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኼ ነው።

በሌላ ቀን ውሃውን ትቶ በመፋቂያ የመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ፋቀና ነዳ። መስቀለኛው ላይ ከግራ በኩል የምትሻገረውን ሴት ያያት ጥቂት ክንድ ሲቀረው ነው። ፍሬኑ ያዘ። እሷ አለፈች፤ እሱ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ዳር ይዞ ቆመ።

የሚኒሶታ ሕግ መስታወቱ በውርጭ ተሸፍኖ አጥርቶ የማያሳይ መኪና መንዳትን ይከለክላል። ነገሩ ግን ከቅጣት በላይ ነው። መስታወቱን የሰነጠቀ ሰው የከሰረው የራሱን ነው። በቀዳዳ እያሾለከ የሚነዳ ሰው የሚያስይዘው ግን የሌላውን ሕይወት ነው።

ዛሬ ማታውኑ መስታወቱን በጨርቅ ይሸፍናል። ጠዋት 10 ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል። ሞተሩን ደጅ ላይ ያሞቃል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ይገድላል። ሁለት እጅ የፋርማሲ አልኮል ከአንድ እጅ ውሃ ቀላቅሎ ይረጫል። ከዚያ የፊቱን፣ የኋላውንና የጎኑን መስታወት ሁሉ ይፍቃል፤ የጣሪያውንም በረዶ ይጠርጋል።

10 ደቂቃ ገቢ ያስቀራል የሚል ሾፌር ካለ፣ ያቺን ሴት ያስብ።